ከድምፃዊው ኋላ ማን አለ?

ዘፈን ስንሰማ የምናውቀው ድምፃዊውን ነው። ስሙን እንጠራለን፤ ፎቶግራፉን ከአልጋችን በላይ እንለጥፋለን፤ አንዳንዶቻችንማ ፀጉራችንን ሳይቀር እንደ እርሱ እንቆረጣለን። ግጥሙንና ዜማውን ማን ደረሰው ሲባል ግን ከአሥራችን አንዱ ቢመልስ ነው። ከዚያ አልፎ «ቅንብሩስ የማን ነው?» የተባለ እንደሆነ ጭራሽ ጸጥ!

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ብርቱ ክርክር ገጥመን ነበር። ግማሾቻችን «አቀናባሪ ማለት ኦርጋን የሚጫወተው ሰውዬ ነው» አልን። ግማሾቻችን «የለም፣ ስቱዲዮ ገብቶ ማሽን የሚነካካው ነው» አልን። አንዱ ከላይኛው አልጋ ሆኖ «ተዉን እንተኛበት እስቲ! ዘፋኙ ካልዘፈነ ቅንብር ብቻውን ምን ይሠራል?» ሲል ጮኸብን። ከሁላችንም ይልቅ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ የዚህ እትም ጽሑፍ ተራ ለእኛ ክፍል ሲደርስ መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ለመፈለግ ተስማማን። ሰውየው አንጋፋው ሙዚቀኛና አቀናባሪ ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። ዕድሜያችንን ስለምናውቅ ከዚህ በኋላ ጋሽ ሙላቱ እንላቸዋለን።

አስቀድመን ግን ቅንብር ምን እንደሆነ እንነጋገር። ዜማ ደራሲው የሚሰጠው አንድ ዜማ ነው። ያንን ዜማ ማን ይጀምረው? ሳክስፎኑ ነው ወይስ ጊታሩ? ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ማን ይመልስለት? ከሥር ያለው ቤዝ ምን ይበል? ከበሮው የቱ ላይ ዝም ይበል? ይህንን ሁሉ ወስኖ ለያንዳንዱ ተጫዋች ድርሻውን የሚሰጠው አቀናባሪው ነው። ነገሩን በጓዳ ብንመስለው ይቀላል። ያው ሽሮ፣ ያው በርበሬ፣ ያው ሽንኩርት ነው፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደሚቁላላ፣ ቅቤው መቼ እንደሚገባ የምታውቅ እናት የሠራችው ሌላ ነው። «እጇ ይጣፍጣል» እንላለን። ቅንብርም እንደዚሁ የእጅ ነገር ነው።

ሙያው ወደ አገራችን የገባው በሰልፍ ባንዶች በኩል ነው ማለት ይቻላል። በ1924 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የነሐስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ። ቀጥሎ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገሩን ዜማ ለትላልቅ ባንዶች በማቀናበርና ሙዚቀኞችን በማስተማር ብዙ ደከሙ። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶችም ተከተሉ። እንግዲህ ጋሽ ሙላቱ ሜዳው ባዶ ሳለ አልመጡም። የእርሳቸው ልዩነት ያመጡት ጥያቄ ላይ ነው።

ጋሽ ሙላቱ የተወለዱት በታኅሣሥ 1936 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ግን በሸክላዎቹ ላይ እንደ ታተሙት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ገና ወጣት ሳሉ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ለትምህርት ወደ ዌልስ ተላኩ። የታሰበላቸው ምሕንድስና ነበር። ሬክስሃም ከተማ አጠገብ በሚገኘው በሊንዲስፋርን ኮሌጅ ግን ከሌላው ትምህርት ጋር ሙዚቃም ይሰጥ ነበርና የልጁ ዝንባሌ ወደየት እንደሆነ ታየ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ፦ በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም አሜሪካ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እርሳቸው እንደነበሩ ይነገራል።

እዚህ ላይ እስቲ ቆም እንበል። ምሕንድስና ይማርልኛል የተባለ ልጅ «ሙዚቃ ነው የምማረው» ብሎ ሲጽፍ ቤተሰቡ ምን ይል ይሆን? በዛሬው ቀን እንኳ ከመካከላችን አንዱ ክራር ይዞ ለበዓል ቤቱ ቢገባ «አዝማሪ ልትሆንልን ነው?» ተብሎ ዕቃ ቤት አስቀመጡበት። ቃሉ ሙያ ሳይሆን ስድብ ሆኖ ነው የተነገረው። በእኛ በኩል ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መምህርነትን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኝ ኖሮ እዚህ የገባ በጣት የሚቆጠር ነው። አብዛኞቻችንን እዚህ ያደረሰን የፈተናው ነጥብ ነው። እርሳቸው የተመረጠላቸውን ትተው የወደዱትን ያዙ፤ እኛ የተመደብንበትን ይዘን ልንወደው እየታገልን ነው። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሁለታችንም ዘንድ ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

በርክሊ ውስጥ ጋሽ ሙላቱ አጥብቀው የያዙት ቫይብራፎንን ነው። አይቶ ለማያውቅ፦ እንደ ፒያኖ ቁልፎች የተደረደሩ የብረት ዘንጎች ያሉት መሣሪያ ነው፤ ጫፉ ክር በተጠቀለለበት ዱላ ይመታል። ከያንዳንዱ ዘንግ ሥር ቱቦ አለ፤ በቱቦው አፍ ላይ በኤሌክትሪክ የምትሽከረከር ክብ ሳህን አለች። ሳህኗ ቱቦውን ስትከፍትና ስትዘጋ ድምፁ ይርገበገባል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሩቅ፣ በማለዳ፣ በጭጋግ ውስጥ ሲሰማ እንዴት ነው? እንደዚያ ነው።

ከቦስተን ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት ሸክላዎችን አወጡ። ቡድኑን «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» ብለው ሰየሙት። የሚገርመው አብረዋቸው የተጫወቱት የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች መሆናቸው ነው! ያን ጊዜ የላቲን ምት በከተማው ውስጥ ተወዳጅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላቸው የጅማው ልጅ በዚያ ምት ላይ የአገራቸውን ዜማ ለመጫን ሞከሩ። ሸክላዎቹ ብዙ አልተሸጡም፤ ጥያቄው ግን ተጠየቀ።

ጥያቄው ምንድን ነው? እንደሚታወቀው የመሀልና የሰሜን አገራችን ዓለማዊ ሙዚቃ በአራት ዋና ዋና ቅኝቶች ይመራል። እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ብቻ አለው። ለምሳሌ ሙሉ ትዝታን በፈረንጁ አጠራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ልናዜመው እንችላለን። የምዕራቡ ሙዚቃ ግን በአሥራ ሁለት ድምፅ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ሁለት ሦስት ድምፅ ባንድነት እየደራረበ ስምም ያደርጋል። የእኛ ማሲንቆ ደግሞ አንዱን ዜማ ይዞ፣ እያስጌጠ፣ ብቻውን ይሄዳል። ታዲያ አሥራ ሁለቱን አምጥቶ በአምስቱ ላይ ቢከምሩት ምን ይሆናል? ትዝታው ትዝታነቱ ይጠፋል! ወጡ ውስጥ ውኃ እንደ መጨመር ነው። በፍጹም አይነካም ከተባለም ደግሞ ከትላንቱ አንድ እርምጃ አያልፍም።

የጋሽ ሙላቱ መልስ እንዲህ ነው፦ ዜማውን አምስቱ ይያዙት፤ አሥራ ሁለቱ ከሥር ሆነው ይሸከሙት። ከሥር የሚገባው እያንዳንዱ ድምፅ የቅኝቱን ጠረን የሚያጠፋ እንደሆነ ይውጣ፤ የሚያደምቀው እንደሆነ ይቅር። ይህንን ሥራቸውን «ኢትዮ ጃዝ» ብለው ጠሩት። በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን አንድ አቀናባሪ ሁለቱንም ቤት አጥርቶ ማወቅ አለበት። የራሱን ቤት የማያውቅ ሰው ከጎረቤት የተዋሰው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ እንዴት ያውቃል?

ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ጊዜው ጥሩ ነበር። በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ በራሳቸው ድፍረት ሸክላ ማሳተም ጀምረው አዲስ አበባ በሙዚቃ ትፈላ ነበር። ጋሽ ሙላቱ ኮንጋውን፣ ቫይብራፎኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን ይዘው ገቡ፤ ለድምፃውያን አቀናበሩ፤ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃም አስቀረጹ። በ1972 ወደ ኒውዮርክ ብቅ ብለው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኘውን ሸክላ ሠሩ። በዚህ ሸክላ ላይ ሁላችንም በየሠርጉ የምናውቀው «ኩሉን ማን ኳለሽ» ያለ አንድ ቃል በመሣሪያ ብቻ ይሰማል። በ1973 ታላቁ አሜሪካዊ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ ሲመጣ ከእርሱ ጋር የሠሩት እርሳቸው ናቸው። በ1974 ደግሞ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» በአምሃ ሬከርድስ ታተመ።

እንግዲህ ከላይኛው አልጋ ለተጠየቀው ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው። ዘፋኙ ሳይዘፍን ቅንብር ብቻውን ምን ይሠራል? ቅዳሜ ማታ «የግሌ ትዝታ» የተባለውን ሥራቸውን በአንዳችን ስልክ ላይ ከፍተን ትንሿን ስፒከር መስኮቱ ላይ አስቀመጥናት። ጠያቂያችንም አልተኛም። ከመካከላችን የጎጃም ልጅ የሆነው ዋሽንት ተጫዋች መጀመሪያ «ይሄ የፈረንጅ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ቆይቶ ግን ከሻንጣው አንዱን ዋሽንት አወጣ፤ አልገጠመለትም። ሁለተኛውን አወጣ፤ አሁንም አልሆነም። ሦስተኛውን አንሥቶ ሲነፋ ከሳክስፎኑ ጋር ቀጥ ብሎ ገባ! ሙዚቃው እስኪያልቅ አብሮ ተጫወተ። ከዚያም ዋሽንቱን ጠራርጎ «ይሄማ የኛው ነው፤ ኮት ለብሶ ነው እንጂ» አለን። እኛ ከዚህ የተሻለ ትንታኔ የለንም።

ከ1974 በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ታወጀና ለዓመታት ሳይነሣ ቆየ። ማታ ማታ የሚከፈቱ የሙዚቃ ቤቶች ተዳከሙ፤ ማታ የማይጫወት ባንድ ደግሞ ምኑን ባንድ ሆነ? የሸክላ ኅትመት ቆመ፣ ካሴት ተተካ። አቶ አምሃ በ1975 አገር ለቀው ወጡ። ብዙ ሙዚቀኞችም እንደዚሁ በየአገሩ ተበተኑ። ጋሽ ሙላቱ ግን ቀሩ። በአዲስ አበባ ማስተማሩንም ማቀናበሩንም ቀጠሉ። የውጭው ዓለም ስማቸውን አያውቅም፤ በአገር ውስጥም ስም የሚጠራው የድምፃዊው ነው። እነዚህ ዓመታት በጽሑፎች ላይ ባንድ አንቀጽ ይታለፋሉ። እኛ ግን ሰውን የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው እንላለን። ጭብጨባ ባለበት መሥራት ማንንም አይከብድም።

በ1998 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ኅትመቱ አራተኛውን ቅጽ ለጋሽ ሙላቱ የመሣሪያ ሙዚቃ ሰጠው። የድሮዎቹ ሸክላዎች አቧራቸው ተራግፎ ወደ ዓለም ወጡ። በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ውስጥ እነ «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ»ን አስገባ። በዚያን ጊዜ ጋሽ ሙላቱ 61 ዓመታቸው ነበር። ሙዚቃው ከተቀረጸ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። ከዚያ ወዲያ ያለው በሩጫ የሚነገር ነው፦ በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሆኑ፤ በ2009 ከእንግሊዞቹ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር ሸክላ አወጡ፤ በ2010 ናስ እና ዴሚየን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ለራሳቸው ዘፈን መሠረት አደረጉት፤ በ2012 ድሮ የተማሩበት በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ2025፣ በ81 ዓመታቸው፣ የጥንት ሥራዎቻቸውን እንደ ገና አቀናብረው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» በሚል ርዕስ አሳተሙ። ሰማንያ ያለፈው ሰው የራሱን ሥራ «ገና አላለቀም» ብሎ እንደ ገና ሲያርም ማየት እኛን ሃያ ዓመት ያልሞላንንና የሞላንን ሰነፎች ቢያሳፍር ይገባል።

ለእኛ ለእጩ መምህራን ግን ከሽልማቱ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ጋሽ ሙላቱ በቃለ ምልልሶቻቸው ደጋግመው የሚያነሡት የገጠሩን ሙዚቀኛ ነው፤ መሣሪያውን የፈለሰፈውን ያንን ሰው ሳይንቲስት ነው ይላሉ። ምሳሌ የሚያደርጓቸው በደቡብ፣ ጊዶሌ አካባቢ የሚኖሩትን የደራሼን ሰዎች ነው። ደራሼዎች ፊላ በሚባለው የዋሽንት ጨዋታቸው ብዙ ሆነው ይነፋሉ። አንዱ አንድ ድምፅ ይዞ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ብቻ ያሰማል፤ ሌላው ይቀበለዋል። ዜማው ሙሉ የሚሆነው በሁሉም እስትንፋስ ነው። የምዕራቡ ሊቃውንት በቅርብ ዘመን የተራቀቁበትን የድምፅ አደራደር እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይጫወቱት ነበር ብለው ጋሽ ሙላቱ ይከራከራሉ። ሃርቫርድ በነበሩበት ጊዜም ከያዟቸው ሥራዎች አንዱ ክራርን ማሻሻል ነበር፤ ትቶ ጊታር መያዝ ሲቻል ክራሩ ራሱ ተጨማሪ ድምፅ እንዲያወጣ ማለት ነው።

ይህንን ካነበብን በኋላ በተግባር ልምምድ የገጠመንን ብናነሣ ከርዕሳችን አንርቅም። አራት ሆነን የተመደብንበት አራተኛ ክፍል 63 ተማሪዎች ነበሩት። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን እንደ ልማዱ ለሒሳብ ይወሰዳል። ለምነን አንድ ቀን ተፈቀደልን። ልጆቹ መዝሙር ሲባሉ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኹ፤ የጎረቤት ክፍል መምህር መጥተው በሩን ዘጉብን። እኛም የፊላውን ነገር አስታወስን። ከፈልናቸው፦ በመስኮት በኩል ያሉት በጭብጨባ፣ መሀሉ ዜማውን፣ ኋላ ያሉት አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው «እም» እያሉ ከሥር እንዲሸከሙ። ከኋላው ረድፍ አንድ ልጅ ነበር፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ጓደኞቹ ሁልጊዜ ይስቁበታል፤ በመዝሙር ጊዜም አፉን አይከፍትም። ያን ቀን ያች አንዲት ወፍራም ድምፅ ክፍሉን በሙሉ ያዘችው። እርሱ ሲያቆም መዝሙሩ ይፈርሳል፤ ሲቀጥል ይቆማል። ልጆቹ ዞረው አዩት። ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ክፍለ ጊዜው ወደ ሒሳብ ተመለሰ፤ ልጁ ግን ኮሪደር ላይ ሲያገኘን «እም» እያለ ሰላምታ መስጠት ጀመረ።

እንግዲህ ቅንብር ማለት ይኸው ነው። ድምፅ የሌለው ልጅ የለም፤ ቦታው ያልተሰጠው ልጅ ግን በየክፍሉ አለ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ በየገጠሩ እንበተናለን። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚህ የተማርነውን ይዘን ሄደን በልጆቹ ላይ መከመር ብቻ ከሆነ አሥራ ሁለቱን ድምፅ በአምስቱ ላይ እንደ መከመር ይሆንብናል። አያቶቻቸው የሚያውቁትን ተረት፣ እረኛው የሚነፋውን ዋሽንት፣ የገበያውን ሒሳብ ከፊት አድርገን መጽሐፉ ከሥር ሆኖ ቢሸከመውስ? ቀላል ነው አንልም። መጽሐፉንም መንደሩንም አጥርቶ ማወቅ ይጠይቃል፤ እኛ ገና ሁለቱንም እየተማርን ነን። ደመወዙ ትንሽ፣ መንገዱ ሩቅ መሆኑንም እናውቃለን። የመምህር ስም በሸክላ ልባስ ላይ አይታተምም፤ ተማሪው ዶክተር ሲሆን የሚጨበጨበው ለዶክተሩ ነው። ይሁን! ከድምፃዊው ኋላ መቆም ምን ማለት እንደሆነ አሁን በመጠኑ ገብቶናል።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩን በጆሮአችሁ ብትፈርዱ ይሻላል። ሐሙስ ከእራት በኋላ በሙዚቃ ክበቡ ክፍል የጋሽ ሙላቱን ሥራዎች ከ1966ቱ ጀምረን በቅደም ተከተል እናሰማለን። ዋሽንት፣ ክራር፣ ከበሮ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። መሣሪያ የሌላችሁም አትቅሩ፤ «እም» የሚል ሰው እንፈልጋለን።